በፋሲካ ማግሥት ዓሣ ላበሉን ሊቀ መንበር

ግንቦት ፳፰ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.
አሰበ ተፈሪ

ለክቡር አቶ ይልቃል
የገበያ ማሳመሪያ ኮሚቴ ሊቀ መንበር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን ጤንነት፣ የባለቤትዎን ደኅንነት፣ የልጆችዎን እድገት፣ ከባሕር ማዶ ይዘውት የመጡትን የሐር ከረባት ምቾት ሳይቀር በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔን ቢሉ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከአፍንጫዬ በቀር ደኅና ነኝ። አፍንጫዬም ቢሆን የታመመው አዲሱን የዓሣ ገበያ ከቤቴ ፊት ለፊት ስላሠሩልኝ ነው እንጂ የራሱ ጥፋት የለበትም።

ምናልባት ከጉዳይዎ ብዛት የተነሣ ረስተውኝ እንደ ሆነ፣ እኔ ወይዘሮ ሳህሊቱ ነጋሽ ነኝ፤ በገበያው ዳር፣ በሐረር መንገድ ላይ፣ የካሚዮን ሾፌሮች የሚያዘወትሩት ምግብ ቤት ባለቤት። ማንበብና መጻፍ ያስተማሩኝ መሪጌታ የነበሩት አባቴ ናቸው። እንዲህ ያለ ደብዳቤ መጻፍን ያስተማሩኝ ግን ክቡርነትዎ ነዎት፤ በቃል ያመለከትኩትን ሁሉ «በጽሑፍ ይቅረብ» እያሉ መልሰውኛልና። በጽሑፍ ያቀረብኩትም ከጠረጴዛዎ መሳቢያ ወጥቶ እንደማያውቅ ስለ ተረዳሁ፣ የዚህኛውን ግልባጭ ከምግብ ቤቴ በር ላይ እለጥፈዋለሁ። ማንበብ የማይችል ሾፌር ሲመጣ ደግሞ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብለታለሁ፤ ረቂቁን ከሰሙት «ድገሚልኝ» ያላለኝ የለም።

ከአቤቱታዬ በፊት ምስጋናዬ ይቅደም። ባለፈው ጥቅምት፣ ስለ ገበያ አያያዝ ተምረው ከፈረንሳይ አገር በተመለሱ ጊዜ፣ ያዩትን ለራስዎ ብቻ ሳያስቀሩ የከተማውን ሕዝብ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሰብስበው፣ ሥዕል ግድግዳ ላይ በሚያበራው መኪና የዓለምን የዓሣ ገበያ አሳይተውናል። እኔም ከፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ አይቻለሁ። የማርሴይ ሴቶች ከወደቡ ዳር ጠረጴዛ ዘርግተው፣ ባሎቻቸው ከጀልባ ያወረዱትን ዓሣ ገና እየተንፈራገጠ ሲሸጡ አየን፤ አፋቸውን ከፍተው ገዢ ሲጣሩ ሳይ የእኛዎቹን የሽንኩርት ሻጮች አስታወሱኝና ወደድኳቸው። የሎንዶን ሸክመኞች የዓሣውን ሣጥን የሚያስቀምጡበት ከቆዳ የተሰፋ ጠፍጣፋ ቆብ በራሳቸው ላይ ደፍተው አየን። በሆንግ ኮንግ ዓሣው በገንዳ ውስጥ እየዋኘ፣ ገዢው በጣቱ «ያንን» ብሎ ሲመርጥ አየን። ክቡርነትዎ የደረሱት እስከ ማርሴይ ብቻ ሆኖ ሳለ ስለ ሆንግ ኮንግ ያን ያህል አብራርተው መናገርዎ አንዳንድ ክፉ ሰዎችን አስቋል። እኔ ግን ተደንቄያለሁ፤ በዓይኑ ያየውን ማ መናገር ያቅተዋል?

እንግዲህ ከዚያ ምሽት ወዲህ የደረሰብንን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ክቡርነትዎ ያለ ቁጥር የተጻፈ ነገር እንደማያነቡ ጸሐፊዎ መኮንን ነግሮኛል።

፩ኛ/ ስለ ጣሂራ።

ጣሂራ ማለት፣ በጨው የደረቀ ዓሣ ከጂቡቲ በባቡር ሚኤሶ ድረስ እያስመጣች፣ ከሚኤሶ በካሚዮን አሳፍራ ወደዚህ አውጥታ፣ በገበያው ጥግ በሰሌን ላይ ዘርግታ ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት። ዝንቡን በጭራ፣ ተከራካሪውን በምላሷ ታባርራለች። ቅድስት ናት አልልዎትም። ሚዛን ስትይዝ አውራ ጣቷም አብሮ ይመዘናል፤ ይህን እኔ አውቃለሁ፣ እሷም እንደማውቅ ታውቃለች፣ ስለዚህ በመጨረሻ አንድ ዓሣ ትመርቅልኛለች። እንዲህ ሆነን በሰላም ኖረናል።

ሁዳዴ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው የኮሚቴዎ ማስታወቂያ ወጣ። ዓሣን በምድር ላይ ዘርግቶ መሸጥ በሠለጠነው ዓለም ያልታየ ነውር ስለ ሆነ፣ ከእንግዲህ ዓሣ የሚሸጠው በእብነ በረድ ላይ፣ በበረዶ ተከብቦ፣ በመስታወት ውስጥ ብቻ ነው ይላል። መኮንን ማስታወቂያውን በገበያው መሃል ቆሞ ሲያነብ ጣሂራ ጭራዋን ይዛ እስከ መጨረሻው ሰማችው፤ ከዚያም «ወላሂ፣ ይኼ ዓሣ ባሕር ውስጥ ሳለ መስታወት ነበረው እንዴ?» አለችው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷ ግን ሰሌኗን ጠቅልላ ወደ እኔ ስትመጣ አልሳቀችም፤ «ሳህሊቱ፣ ማል ጎና? ምን ይሻለናል?» ብላ ጆንያዎቿን ከጓዳዬ አስቀመጠች።

እኔ ያልተማርኩ ሴት እንደ መሆኔ አንድ ነገር አልገባኝም ነበር። በዚያ ምሽት ካሳዩን ሥዕሎች በአንዱ ላይ፣ በቶኪዮ ከተማ፣ ሰው የሚያህሉ ዓሦች ጎህ ሳይቀድ በተርታ ተጋድመው፣ ነጋዴዎቹ ጎንበስ እያሉ ጅራታቸው ከተቆረጠበት ላይ ሥጋቸውን ሲመረምሩና ደወል ሲደወል ጨረታ ሲጫረቱ ይታይ ነበር። የተጋደሙትም ወለል ላይ ነበር። እኔ በሞኝነቴ ወለል ምድር መስሎኝ ኖሯል። ለካ የቶኪዮ ወለል የሠለጠነ ነው፤ የአሰበ ተፈሪ ምድር ግን፣ ሰሌን ቢነጠፍበት እንኳ፣ ገና አልሠለጠነም። ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ።

እንደዚሁም የኖርዌይ ሰዎች ዓሣቸውን በእንጨት ቆጥ ላይ ሰቅለው ክረምቱን ሁሉ በብርድና በነፋስ እንደሚያደርቁት፣ የፖርቱጋል ሰዎችም በጨው አድርቀው እንደ ሳንቃ እየደራረቡ እንደሚሸጡትና ከመቀቀሉ በፊት ሌሊቱን እንደሚዘፈዝፉት ነግረውናል። የእነሱን «ጥንታዊ ጥበብ» አሉት። በማስታወቂያዎ ላይ የጣሂራን «ኋላ ቀርነት» ብለው ጻፉት። ጨው ያው ጨው ነው፤ ዓሣም ያው ዓሣ ነው፤ እንግዲህ ልዩነቱ በሻጩ ላይ ይሆናል።

፪ኛ/ ስለ መስታወቱ ቤት።

ቤቱ ውብ ነው። ይህን ማንም አይክድም። መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ያየዋል፤ አንድ ከመሰላ የመጣ ገበሬ የማን መቃብር እንደ ሆነ ጠይቆኛል። ግን ክቡርነትዎ ለግንበኞቹ የሰጧቸው ያንኑ በአዳራሹ ያበሩትን ሥዕል ነበር፤ ሥዕሉም ከመኪናው የገባው ተገልብጦ ነው። ይህን ያወቅሁት በሥዕሉ ላይ ካለው ሱቅ አናት የተጻፈው የፈረንጅ ፊደል ጀርባውን ሰጥቶ ስላየሁት ነው። ነፍሱን ይማረውና፣ ባለቤቴ በሚኤሶ ጣቢያ ሲሠራ ያን ያህል ፊደል አስተምሮኛል። በማግሥቱ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ፣ በማርሴይ ግራ የነበረው ለእኛ ቀኝ ሊሆን ነው ብዬ ባመለክት፣ «በጽሑፍ ይቅረብ» አሉኝ። በጽሑፍ ባቀርብ፣ ግድግዳው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ «ጉዳዩ እየተጠና ነው» የሚል መልስ ደረሰኝ።

እነሆ ጥላ የሚሰጠው ግድግዳ በምዕራብ መቆም ሲገባው በምሥራቅ ቆመ። ጠዋት ማንንም የማትጎዳውን ፀሐይ ይከላከላል፤ ከሰዓት በኋላ የምታነድደውን ግን እጁን ዘርግቶ ይቀበላታል። መስታወቱም ያንን ሙቀት አጠራቅሞ ያስቀምጣል። በዓለም ዙሪያ ዓሣ በበረዶ የሚያቆዩ፣ በጨው የሚያቆዩ፣ በጭስ የሚያቆዩ ገበያዎች እንዳሉ ከክቡርነትዎ ተምረናል፤ ዓሣውን ሳይሸጥ ቀቅሎ የሚጠብቅ ገበያ ግን የእርስዎ ብቻ ነው። የሚቀጥለው ተማሪ ከማርሴይ ወደዚህ መላኩ አይቀርም።

፫ኛ/ ስለ ቀኑ።

እዚህ ላይ፣ ክቡር ሆይ፣ ብዕሬ ራሱ በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

በአገራችን ዓሣ የሚፈለግበት ወራት የታወቀ ነው። በሁዳዴ ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ እተዋለሁ፤ የንስሐ አባቴ ከቤቴ ሲመጡ የዓሣ ወጥ በቀረበ ቁጥር ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። የጣሪያዬን ቀዳዳ ያገኙልኝም እሳቸው ናቸው። ከተማው ግን ይበላል። ታዲያ የሁዳዴን ወራት በሙሉ ጣሂራ ከገበያ ተባርራ፣ አዲሱ ቤት ደግሞ እብነ በረዱ ገና መንገድ ላይ ነው ተብሎ ተዘግቶ፣ ሕዝበ ክርስቲያኑ ሽሮና ምስሩን እየበላ ያንን ባዶ መስታወት ሲመለከት ጾመ። በአፉ ብቻ ሳይሆን በዓይኑም እንዲጾም ስላደረጉት ዋጋዎን ከላይ ያገኛሉ።

በመጨረሻ እብነ በረዱ ደረሰ። የምረቃውም ቀን ተቆረጠ። የተቆረጠው ለፋሲካ ማግሥት ነበር!

የኮሚቴዎ አባላት አብዛኞቹ ጿሚዎች ናቸው። ሁሉም ለበዓሉ በግ አስረዋል። ከበዓሉ በኋላ ሃምሳ ቀን ሙሉ ረቡዕና ዓርብ እንኳ እንደማይጾም፣ በዚያ ሰሞን ከአሰበ ተፈሪ እስከ ሂርና ቢፈለግ ዓሣ የሚያምረው አንድ ክርስቲያን እንደማይገኝ ሕፃን ያውቀዋል። ከመካከላቸው ግን «ክቡር ሊቀ መንበር፣ ይህ ቀን ለዓሣ አይሆንም» ያለ አልተገኘም። አንዱን ለምን ዝም እንዳለ ብጠይቀው «ክቡርነታቸው ውጭ አገር ተምረዋል፤ የሚያውቁት ነገር ይኖራል ብዬ» አለኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። የእኛው ውሻ ግን የጮኸው ጅቡ ሄዶ፣ በጉ ታርዶ፣ አጥንቱ ከተጣለለት በኋላ ነው።

በረዶውና ትኩሱ ዓሣ የመጡት ከድሬዳዋ ነው። በባቡር ሚኤሶ ቢወርድ ይቀርብ ነበር፤ ክቡርነትዎ ግን ዓሣው በትልቁ መንገድ፣ በክብር፣ ለምረቃው ከሐረር የሚመጡትን የበላይ እንግዳ ተከትሎ እንዲገባ አዘዙ። ሾፌሩ ዘይኑዲንም በትእዛዙ መሠረት ሂርና ላይ መንገዱ ዳር ቆሞ የእንግዳውን መኪና ይጠብቅ ጀመር። እንግዳው ደግሞ ሂርና ላይ ከአንድ ወዳጃቸው ቤት ለፋሲካ ምሳ ተጠርተው ጥሬ ሥጋ ይበሉ ነበር። እሳቸው በሉ፣ አረፉ፣ ደገሙ። በረዶው ሰጋቱራውን አርሶ፣ ጆንያውን አልፎ፣ ከካሚዮኑ ሥር እንደ ምንጭ ወረደ፤ የሂርና ሴቶች ቀዝቃዛ ውኃ መጣ ብለው እንስራ ይዘው ወጡ አሉ። ዘይኑዲን ሲደርስ ምን እንዳለ ሰምተዋል፤ «ጌታው፣ እኔ የጫንኩት በረዶ ነው፣ ያወረድኩት ውኃ ነው፣ በመሃል የሆነውን አላህ ያውቃል» አለ። እሱን መቅጣትዎ እስካሁን ይቆረቁረኛል፤ የፈጸመው ያዘዙትን ነውና።

ከዚያ ሪባኑ ተቆረጠ። ዓሣው በእብነ በረዱ ላይ ተደረደረ፣ መስታወቱ ተዘጋ፣ የከሰዓቱ ፀሐይም በሰዓቷ መጣች። ቀሪው የበረዶ ውኃ ወደ ግራ መፍሰስ ሲገባው ወደ ቀኝ፣ እንግዳው ወደ ቆሙበት ፈስሶ ጫማቸውን አጠበ። እንግዳው መሐረባቸውን ከአፍንጫቸው ላይ ሲያደርጉ፣ ክቡርነትዎ ሳይደነግጡ «ክቡር ሆይ፣ ይህ የባሕር ሽታ ነው» አሏቸው። እኔ ከበሬ ላይ ቆሜ ሰማሁ። ዓሣ ግማቱ ከየት እንደሚጀምር አባቶች የተናገሩትን እዚህ መድገም ይቻለኝ ነበር፤ ነገር ግን ክቡርነትዎን ስለማከብር አልደግመውም።

ወዲያው መኮንን በጓሮ በኩል ላቡ እየወረደ ገባ። «እትዬ ሳህሊቱ፣ በማርያም ይዤዎታለሁ፣ ጉድ ሆነናል! ለግብዣው የሚሆን ዓሣ ከየትም ብለው ያውጡልን» አለ። ለእስላሞቹ ሾፌሮች የማግሥት ምሳ ብዬ የዘፈዘፍኩት የጣሂራ ደረቅ ዓሣ ነበር። ዓሣው የእሷ ነውና አስጠራኋት። ነገሩን ስትሰማ ምድር ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ «ስጪያቸው። እንግዳ ነው፤ እንግዳ በእኛ አገር ይራባል እንዴ?» አለች። በርበሬውን አበዛሁ፣ በሰሊጥ ዘይት ሠራሁት፣ ተወሰደ።

እንግዳው፣ ያን ሁሉ ጥሬ ሥጋ በልተው የመጡት እንግዳ፣ ሁለት ጊዜ አስጨመሩ። «እንዲህ ያለ ዓሣ ጂቡቲም አልበላሁ፤ ይኸው ነው የበረዶ ጥቅም!» አሉ። ክቡርነትዎም ብድግ ብለው እጅ ነሡ። እኔ ድስቱን እንደ ያዝኩ ከበሩ ላይ ነበርኩ፣ ጣሂራም ከኋላዬ ነበረች። ወደ እኛ አንድ ጊዜ ተመልክተው ፊትዎን አዞሩ። ያን ጊዜ አልሳቅሁም።

፬ኛ/ ይህ የክቡርነትዎን ጓዳ የሚመለከት ስለ ሆነ ዘልዬዋለሁ። ባለቤትዎ ግን ያውቁታል፤ ጣሂራ ለእሳቸው የምትመርቀውን ያህል ዓሣ ለእኔም መርቃልኝ አታውቅም።

፭ኛ/ ስለ ጥናቱ።

እንግዳው ወደ ሐረር ሲመለሱ ከዚያው ዓሣ እንዲላክላቸው ባዘዙ ጊዜ፣ ዓሣው የማን እንደ ሆነ ተጠየቀ፣ ተሰማ። እኔ በየዋህነቴ፣ ጣሂራ ተጠርታ ቢያንስ «ተባረኪ» ትባላለች ብዬ ነበር። የሆነው ግን ዘበኛዎ ዓሊዩ መጥቶ ከጓዳዬ የነበሩትን ጆንያዎቿን «ለጥናት» ብሎ ወሰዳቸው፤ ከኮሚቴው መጋዘን አስገብቶ ቆለፈባቸው። ከደንቡ ውጭ የደረቀ ዓሣ በገበያው ክልል ይዛ ከተገኘችም ለዘለዓለም እንደምትታገድ የሚል ወረቀት ተጨመረላት። ጥናቱ በመልካም ሁኔታ በመካሄድ ላይ ነው። መጋዘኑ በሌሊት ድመት በድመት ይሆናል፤ ድመቶቹም ጠጉራቸው አምሮ፣ ወፍረው፣ ጠዋት ጠዋት ከደጅዎ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ይታያሉ።

ጣሂራ ሰኔ ጾም እስኪገባ ቦታዋ ካልተመለሰላት ድሬዳዋ ወንድሟ አብዱልቃዲር ዘንድ ልትወርድ ዕቃዋን እያሰረች ነው። ወንድሟ መልካም ሰው ነው፤ ግን ሚስትና ሰባት ልጆች ያሉት ሰው ቤት በዚህ ዕድሜዋ ጥገኛ ሆና ልትገባ ነው። ይህን ስትነግረኝ ወደ እኔ አላየችም፤ ጭራዋን በእጇ እያገላበጠች ትመለከት ነበር።

ክቡር ሆይ፣ እስከዚህ ድረስ ቀልጄያለሁ፤ እንዳልቀልድ የሚያደርገኝ ስለሌለ ሳይሆን፣ ካልቀለድኩ አለቅሳለሁ ብዬ ነው። አሁን ግን ጥቂት ያለ ቀልድ ልናገር።

ክቡርነትዎ በምግብ ቤቴ በር በየቀኑ ያልፋሉ፤ ምን እንደሚደረግበት ግን አያውቁም። ከአዲስ አበባ ጀምሮ በአንድ ካሚዮን፣ በአንድ ወንበር፣ አንዱ ሲነዳ አንዱ እየዘፈነ የመጡ ሁለት ሾፌሮች ከበሬ ላይ ሲደርሱ ይለያያሉ። ክርስቲያኑ ከእኔ ዘንድ ይገባል፣ እስላሙ ከመንገዱ ማዶ ወደ ሀሊማ ምግብ ቤት ይሻገራል፤ የአንዱ ሥጋ ለአንዱ አይሆንምና። ይህን አባቶቻችን ያቆዩት ነው፤ አልነቅፈውም። ዓሣን ግን ማንም አላረደውም፣ ማንም አልባረከበትም። ለዓሣ ብቻ የለየሁት፣ ሥጋም ቅቤም ገብቶበት የማያውቅ ድስት አለኝ፤ ሀሊማ ራሷ አገላብጣ አይታ መስክራለታለች። ዓሣ በሠራሁ ቀን እነዚያ ሁለቱ ሰዎች አይለያዩም። ከአንድ ትሪ ይበላሉ፤ አንዱ ለአንዱ ያጎርሳል። ሽሮም ያስማማቸው የለም ወይ ይሉኝ ይሆናል። ያስማማቸዋል፤ ግን በሽሮ ማን ማንን ይጋብዛል?

ልጄን አዳነችን በዳርኩ ጊዜ የከተማው ሰው ሁሉ ሥጋ ሲበላ ጣሂራ ከዳር እንዳትቀመጥ ብዬ አንድ ድስት ዓሣ ሠራሁ። አንድ ድስት ይበቃል ያልኩት ነገር፣ ሙሽራይቱ ራሷ ከመድረኩ ወርዳ ከጣሂራ ጋር ስትበላ ባየ ጊዜ እንግዳው ሁሉ ተሻማበት። ያቺ ሴት ከዚህ ከተማ ከሄደች የሚጎድለው ደረቅ ዓሣ ብቻ አይደለም። ይኼው ነው የምፈራው፤ ሌሊት የሚቀሰቅሰኝም ይኼው ነው። ማርሴይ ሄደው የባሕር ማዶውን ሁሉ ሲያዩ፣ ከቢሮዎ መስኮት ሥር የነበረውን አላዩም።

ስለዚህ የምለምንዎ ትንሽ ነገር ነው። የሰኔ ጾም የሚገባው ከነገ ወዲያ ሰኞ በሳምንቱ ነው፤ ረቡዕና ዓርብም ይመለሳሉ። ከዚያ በፊት የጣሂራ ጥግና ከድመቶቹ የተረፈው ጆንያዋ ይመለሱላት። የመስታወቱም ቤት ባዶውን እንዳይቀር የራሴን አሳብ ላቅርብ፤ የኮሚቴው ስብሰባ በውስጡ ይደረግ። ሕዝቡ በመስታወቱ በኩል አባላቱን እያየ ማን ትኩስ እንደ ሆነ፣ ማን እንደ ሰነበተ መለየት ይችላል። ብቻ ከሰዓት በኋላ እንዳይሰበሰቡ በእግዚአብሔር ስም እለምናለሁ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚለው ተረት ለክቡርነትዎ የተነገረ እንዳልሆነ ከልቤ አምናለሁ፤ ክቡርነትዎ ሞኝ አይደሉም፤ ወረቀቱን ብቻ ይልቀቁት።

ያዩት ሁሉ እንዲያምርዎ፣ ያዘዙት ሁሉ እንዲፈጸምልዎ፣ የተፈጸመውንም ለማየት ረዥም ዕድሜና ጠንካራ አፍንጫ እንዲሰጥዎ እየጸለይኩ፣ ፊቴን ወደ ቢሮዎ፣ ጀርባዬን ወደ ነፋሱ አዙሬ እጅ የምነሣ፣

የክቡርነትዎ ታዛዥ ጎረቤት
ሳህሊቱ ነጋሽ

ግልባጭ፦
ለሾፌር ዘይኑዲን፣ በየደረሰበት እንዲያነብበው፤
ለኮሚቴው አባላት፣ ዝም ብለው እንዲያነቡት፣ ዝም ማለት ይችሉበታልና፤
ለመጋዘኑ ድመቶች፣ ስላደረጉት ጥልቅ ጥናት።

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን አጥፌ ሳበቃ የደረሰ ነገር ስላለ እጨምራለሁ። ጣሂራ ዛሬ ጠዋት የመጨረሻውን ጆንያ ከሚኤሶ አስመጥታ፣ ሰሌኗን ከምግብ ቤቴ በረንዳ ላይ ዘርግታለች። በረንዳው በአባቴ ስም የተመዘገበ የግል ርስቴ ስለ ሆነ፣ የገበያዎ ደንብ በመካከላችን ካለው የፍሳሽ ቦይ ወዲህ አይሻገርም፤ ድንበሩን በችካል የለዩት ክቡርነትዎ ራስዎ ነዎት። ይህን ሳያስታውሱ በረፋዱ እንዲያስነሣት ዓሊዩን ልከው ነበር። ዓሊዩ ሲዘገይ የዘገየበትን ምክንያት እንዲያጣራ መኮንንን ላኩ። እስካሁን አልተመለሱም ብለው እንዳይጨነቁ፤ ሁለቱም ደኅና ናቸው፣ በረንዳው ላይ ከአንድ ትሪ እየበሉ ነው፣ አሁን ይህን ስጽፍ ዓሊዩ መኮንንን እያጎረሰው ነው። ሦስተኛ ሰው የሚልኩ ከሆነ ቦታ እንይዝለታለን። ራስዎ የሚመጡ ከሆነ ግን፣ ክቡር ሆይ፣ ከባለቤትዎ ኋላ ተሰልፈው ተራዎን ይጠብቃሉ።